የእህቴ ዋስ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያናድደኛል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ «ምን ታስተምራለህ?» ብሎ የጠየቀኝን ሰው «ፍልስፍና» ካልሁት ያዝንልኛል። «የምን ፍልስፍና?» ብሎ ገፍቶ ከጠየቀና «የንግድ ሥነ ምግባር» ካልሁት ደግሞ ይስቃል። ከተከራየሁበት ቤት ማዶ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሙስሊም አዛውንት ነበሩ። ባገኙኝ ቁጥር «መምህር፣ እኛን ልታስተምረን ነው ወይስ ልትመሰክርብን?» ይሉኛል። ለጨዋታ ነው። እኔ ግን ቀልድ ቶሎ የሚገባኝ ሰው ስላልሆንሁ ፊቴን አጥቁሬ አልፋቸው ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥም ከዚህ የተሻለ አልገጠመኝም። የአካውንቲንግ መምህራን የእኔን ኮርስ «የስብከት ክፍለ ጊዜ» ይሉታል። ተማሪዎቹ የሚመጡት ግዴታ ስለሆነባቸው ነው፤ ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፋ አይጠፋም። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። ያንቀላፋውን ቀስቅሼ «አንተ፣ ነገ ባንክ ስትገባም እንዲህ ተኝተህ ነው ሰው የምታስተናግደው?» እላለሁ። ክፍሉ ይስቃል፣ እሱ ዓይኑን ያሻሻል፣ እኔም ወደ ጥቁር ሰሌዳዬ እመለሳለሁ። ይህን ትምህርት የጀመርሁት ባደግሁባት በቁይ ከተማ ገበያ፣ የእህቴ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው ብላቸው ማን ያምነኛል?

እናትና አባታችን ቶሎ ስላረፉ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ቁይ ውስጥ እህል ትነግድ ነበር፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ። ባሏ ሞቶ አንዲት ሕፃን ልጅ ይዛ ስትቀር ዘመድ ሁሉ «መጋዘኑን ሽጪና አርፈሽ ተቀመጪ» ብሏት ነበር። አልሰማቻቸውም። እኔ የማውቃት ወንዶች በሞሉበት የእህል ተራ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ ጆንያ ስታስጭንና ስታስወርድ፣ ከሹፌር ጋር ስትከራከር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አጠናለሁ፣ እሷ ትሸጣለች። አልፎ አልፎ ዞር ብላ «ገጹን ገልብጥ እንጂ! ተኛህ እንዴ?» ትለኛለች። ተማሪ መቆጣትን ከማን እንደ ወረስሁ ከዚህ ይታወቃል።

በእህል ተራ ገዢ ዝም ብሎ አይገዛም። ጆንያውን ያስፈታል፤ እጁን እስከ ክርኑ ያስገባል፤ ከሥር ዘግኖ ያወጣል፤ ያሸታል፤ ፍሬውን በጥርሱ ይቆረጥማል። ላዩ አምሮ ሥሩ የተበላሸ እህል ስንቱን ጉድ ሠርቶታልና። የእህቴን ጆንያ ግን የሚያስፈታ አልነበረም። «የእሷ ጆንያ አይፈታም» ይባል ነበር። አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ገዢ ገመዱን ሊፈታ እጁን ሲሰድ የቁይ ሰዎች «ተው እንጂ፣ ሴትዮዋን አታሳፍራት!» ብለው ሲቆጡት በዓይኔ አይቻለሁ። እሷ ቀና እንኳ አላለችም፤ ደስታዋ ግን ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር።

እኔን ያስገረመኝ ይህ ነበር። ሰው ያላየውን ነገር እንዴት አምኖ ይገዛል? የአንዲትን ሴት ስም ከገዛ እጁና ከገዛ ዓይኑ ለምን ያስበልጣል? አዲስ አበባ ሄጄ ፍልስፍና ስማርም የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍሁት በዚሁ ላይ ነው። አማካሪዬ «ይህን ጥያቄ ከየት አገኘኸው?» ቢለኝ «ከቁይ» አልሁት። የፈላስፋ ስም መስሎት «የየት አገር ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእህቴ ስነግራት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «በል እንግዲህ፣ ፈላስፋው እኔ ነኝ በለው!» አለችኝ። በኋላ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ለማስተማር ስቀጠር ቁይ ገበያ ውስጥ ለሰው ሁሉ ያወራችው እሷ ናት። ምን እንደማስተምር በደንብ አልገባትም ነበር። «ነጋዴ እንዳያጭበረብር ነው የሚያስተምር» ትላለች፤ እውነቱን ለመናገር ከእሷ የተሻለ አጭር መግለጫ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ነገሩ የመጣው ማስተማር ከጀመርሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በሰኔ ወር ነው። ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ እየደበደበ ድምፄ አልሰማ ብሎ እጮሃለሁ። የዕለቱ ትምህርት አንድ ሰው የሚሸጠው ዕቃ ገዢውን እንደሚጎዳ ያወቀ ሦስተኛ ወገን ምን ማድረግ አለበት የሚል ነበር። ከኋላ ተቀምጣ ዓመቱን ሙሉ ተናግራ የማታውቅ ተማሪ እጇን አነሣች።

«መምህር፣ ሻጩ የሰውየው ዘመድ ቢሆንስ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዞር ብዬ «ዘመድነት እውነትን አይለውጥም» ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍሁ። ሁሉም ገለበጠ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታየኝ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«እህትዎን ማለቴ ነው» አለችኝ።

የቁይ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት። በዚያ ዓመት ምርጥ ዘር በጊዜ ስላልደረሰ ገበሬው ለዘር የሚሆን ስንዴ ከእህቴ ገዝቷል። ቀድሞ የዘራ አንድ ጎረቤታቸው ማሳው ባዶ ሆኖ ቀረ፤ አንዲት ቡቃያ አልታየችም። ሌሎቹ የገዙትን እንደያዙ ቆመዋል። ጎረቤትየው ወጣት ነው፣ ጠመንጃ አለው፣ አፉም አያርፍም፤ ስለዚህ ነገሩ ወደ ሌላ ሳይሄድ ሽማግሌዎች ገብተዋል።

«የሚመጣው ሳምንት እሑድ ይቀመጣሉ» አለች። «ዘሩ ደህና ነው ከተባለ አባቴ በማግስቱ ይዘራዋል። መሬቱን አርሶ ጨርሷል፣ ሌላ ዘር የለውም። ካልበቀለ ዘንድሮ የምንበላው የለም።»

ይህን ስትል አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ የሚያጽናና ነገር እፈልግ ነበር። «እሺ፣ አያለሁ» ብዬ ሸኘኋትና ሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን ቀና ብዬ ሳየው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ ጽሕፈት አስጠላኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ቁይ ወረድሁ። እህቴ መጋዘኗ ውስጥ ጆንያ ስታስደረድር አገኘኋት።

«እትዬ፣ የዘር ስንዴ ሸጠሻል?»

«ሽጫለሁ። ማን ነገረህ?»

«አልበቀለም ይላሉ።»

«አንድ ልጅ ነው አልበቀለም ያለ!» አለች እጇን እያራገበች። «መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ ዘርቶት ይሆናል። በኋላ ነጋዴ መክሰስ ነዋ! አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የገበሬ ወሬ የምትለቅመው?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይልቅ ጥሩ መጣህ። የሚመጣው ሳምንት እሑድ ሽማግሌዎቹ ዋስ ጥሪ ይሉኛል። አንተን ነው የምጠራ።»

በእኛ አገር ሽማግሌ ነገር ከመስማቱ በፊት ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል። ዋሱ «የተፈረደውን ይፈጽማል፣ ለዚህ እኔ አለሁ» ብሎ የሚቆም ሰው ነው። ወጉ ይህን ያህል ነው፤ ሰው የሚያየው ግን ማን እንደ ቆመ ነው። የተከበረ ሰው የቆመለት ተከራካሪ ነገሩ ሳይሰማ ግማሹን ረትቷል። እህቴም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«ነጋዴ እንዳያጭበረብር የሚያስተምር ሰው ዋስ ሆኖልኝ ማን አፉን ይከፍታል?» ብላ ሳቀች።

አልዋሽም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሳቀበት ትምህርቴ ላሳደገችኝ ሴት ሊጠቅማት ነው! ወዲያው የተማሪዬ ፊት መጣብኝ። ጥግ ላይ «ለዘር» ተብሎ የተለየ ጆንያ ቆሟል። ሄጄ ገመዱን ፈታሁት። እህቴ ንግግሯን በመሐል አቋረጠች። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ መጋዘን ስቀመጥ ስነሣ የእሷን ጆንያ የፈታሁት ገና ያን ቀን ነው። ከሥር ዘግኜ አወጣሁ፤ ፍሬው ንጹሕ ነው፣ ያምራል፣ ሽታም የለው። ኮቴ ኪስ ውስጥ ጨመርሁት።

«ውሰድ» አለችኝ። ገመዱን ከእጄ ወስዳ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ከገበያ ሌላ ጥሩ ስንዴ ገዛሁ። ሁለቱን ለየብቻ ዘፈዘፍሁ፣ በየጨርቁ ቋጠርሁ፣ የኮባ ቅጠል አልብሼ ድንጋይ ጫንሁባቸው፤ ለጠላ ብቅል እንደሚበቅለው ማለት ነው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ በበሩ አልፈው አዩኝና «አይ መምህር፣ ደመወዙ አልበቃ ብሎ ጠላ ሊጠምቁ ነው?» አሉ። «አዎ፣ መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የምቀዳው» አልሁ። እሳቸው እየሳቁ ሄዱ፣ እኔ ከውስጥ ዘጋሁ።

ያ ሳምንት አላልፍ አለኝ። እያስተማርሁ ልቤ ቤት ነው። ተማሪዬ ከኋላ ተቀምጣ ታየኛለች። ቤት ስገባ ኮቴን ሳላወልቅ ጨርቆቹን እዳስሳለሁ፤ እንዳልፈታቸው ራሴን እቆጣለሁ፤ ውኃ እረጫለሁ። በቅሎ እንዲገኝ የምጸልየውን ያህል ደግሞ ካልበቀለ የምለውን እያሰላሰልሁ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ልብ ሊይዝ ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ፈተና ለተማሪዎቼ ባወጣ ጥሩ ነበር። ለእኔ ግን ፈተና የሚያወጣ ጭንቅላት አልተረፈኝም።

ዓርብ ፈታኋቸው። ከገበያ የገዛሁት ነጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ተቆላልፏል። የእህቴ ስንዴ አብጧል እንጂ አልበቀለም። ስጫነው ፍሬው ጣቴ ላይ ፈረጠ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ። ማልቀስ አማረኝ፣ አልመጣልኝም።

በማግስቱ ቁይ ሄጄ ሁለቱንም ጨርቅ ፊቷ ፈታሁት። ጎንበስ ብላ ሁለቱንም በየተራ ዳሰሰች።

«ቤትህ ቀዝቃዛ ነው» አለች በመጨረሻ።

«እትዬ፣ ሁለቱም አንድ ቤት ነው ያደሩ።»

ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ስንዴው ከአርሲ የተጫነ ነበር። ዓባይ በረሃን ሲወጣ የመኪናው ሸራ ተቀዶ ዝናብ ገባበት። ደጀን ላይ ስትረከብ ላዩ ደረቅ ስለነበር አላወቀችም፤ ቁይ አውርዳ እጇን ወደ ውስጥ ስትሰድ ግን ሞቃት፤ ርጥበት የገባበት እህል ውስጥ ውስጡን ይግላልና።

«እጄ አውቆታል» አለች። «ሸራ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ አስመታሁት። ደረቀ፣ አማረ። ይበቅላል ብዬ ተመኘሁ።»

«ተመኘሽ?» ድምፄ ሳላስበው ጮኸ። «የሰው ማሳ ላይ ተመኘሽ?»

«አትጩህብኝ! ተማሪህ አይደለሁም!» ብላ ብድግ አለች። «ምን ልበላቸው? ምርጥ ዘሩ ሲቀር ሁሉም ወደ እኔ ነው የመጣ። አመጣላችኋለሁ ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። ከዚያ ዘሩ ተበላሽቶብኛል ልበል? አንዴ ተበላሸብኝ ካልሁ ከዚያ በኋላ ማን ነው ጆንያዬን ሳይፈታ የሚገዛኝ? አንተ ስለዚህ ነገር መጽሐፍ ጽፈሃል፤ እኔ ኖሬበታለሁ!»

የሠራችው ጥፋት ከዚያው ከምኮራበት ነገር የወጣ መሆኑን አወቅሁ። ጮኼ እንዳልጮህሁ ሆኜ ወደ እሷ ቀረብሁ።

«ነገ ራስሽ ተናገሪ» አልኋት። «እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ። ገና ያልተዘራ አለ፤ በጊዜ ከተነገራቸው ይደርሳሉ።»

«ነገ ዝም በል» አለችኝ። «ሌላ አልጠይቅህም። ዋስ ነገር አይናገርም። ለልጁ ማሳ እኔ በሌላ መንገድ እክሰዋለሁ።»

«የቀሩትስ? ሰኞ ይዘሩታል እኮ!»

ፊቷን አዞረች። በዚሁ ተለያየን፤ እሷ ወደ ማጀት ገባች፣ እኔም ጨርቆቼን መልሼ ቋጠርሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መሐላቸው ያሉት ዋናው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ማሳው ባዶ የቀረበት ወጣት ጠመንጃውን እንዳነገተ ሲመጣ አዩት።

«እሱን ካጥሩ አስደግፈህ ና» አሉት። «ስንዴ ልንሰማ ነው የተቀመጥን።»

እያጉረመረመ አስደገፈው፤ የቆመው ግን እጁ በሚደርስበት ቦታ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰውዬ ቆመዋል። ዓይናቸውን ሳይ የተማሪዬ አባት መሆናቸውን አወቅሁ። እህቴ ነጭ ለብሳ ከፊት ቆማለች። የእህል ተራ ሰዎች ሁሉ መጥተዋል።

«ዋስ ጥሩ» አሉ ሽማግሌው።

ከሳሾቹ አንድ አዛውንት ጠሩ። «ዋስ ነህ?» «ነኝ።» አበቃ።

«አንቺስ?»

«ወንድሜን» አለች እህቴ። ድምጿ ለሁሉም ይሰማ ነበር። «የንግድ ሥነ ምግባር የሚያስተምረውን።»

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። አንዳንዱ ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። የተማሪዬ አባት ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ ዘሩን ሊዘሩት መወሰናቸውን ከፊታቸው ያነበብሁ መሰለኝ። እየተጎተትሁ ወደ መሐል ወጣሁ።

«ዋስ ነህ?»

እህቴን አየኋት። ተናገሪ እትዬ፣ አንድ ቃል፣ አሁንም ጊዜ አለ አልሁ በልቤ። መሬት መሬት ታያለች።

«ዋስ ከመሆኔ በፊት የምናገረው አለኝ» አልሁ።

ሽማግሌው ዘንጋቸውን መሬት ላይ አስደገፉት። «ዋስ ነገር አይናገርም። የተማርህ ሰው ነህ፣ ወግ አታፍርስብን። ሁለቱን አንድ ላይ መሆን አይቻልም። ቁርጡን ንገረን፤ ዋስ ነህ ወይስ ምስክር?»

ያን ያህል ዓመት ስለ ምርጫ አስተምሬአለሁ፤ ሰሌዳ ሙሉ ቀስት ስዬአለሁ። እዚያ ወይራ ሥር ግን ከተማርሁት አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ እህቴ ጆንያ ላይ አስቀምጣኝ «ገጹን ገልብጥ» ስትለኝ ነው።

«ምስክር ነኝ» አልሁ።

ሰዉ ተንጫጫ። ከኪሴ ሁለቱን ጨርቆች አውጥቼ ሽማግሌዎቹ እግር ሥር ፈታሁና ከየት እንደ ዘገንሁ፣ እንዴት እንዳበቀልሁ ተናገርሁ። የተማሪዬ አባት ጎንበስ ብለው ከእህቴ ስንዴ አንድ ፍሬ አነሡ፤ በሁለት ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ፈረጠ። ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ወጣቱ ወደ አጥሩ ፈጠን አለ።

«ቁም!» ብለው ሽማግሌው ጮኹበት። «ከዚህ አንዲት ጋት ብትነቃነቅ ባለዕዳው አንተ ነህ!»

ቆመ።

ሽማግሌው ወደ እህቴ ዞሩ። ድምፃቸው ለስልሶ ነበር፤ እሱ ይበልጥ ጎዳኝ። «ሌላ ዋስ ጥሪ።»

እህቴ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። «አታሳፍራት» ይሉ የነበሩት የገበያ ሰዎች እዚያው ነበሩ። አንዱ ወደ ወይራው አንጋጠጠ፣ አንዱ ጫማውን አየ። ማንም ወደ ፊት አልመጣም። ከኔ በቀር የሚቆምላት እንዳልነበረ፣ እኔም እንዳልቆምሁላት ያን ጊዜ ገባኝ።

«ዋስ የለኝም» አለች። «ዘሩን ግን እመልሳለሁ። ለቤቴ ያኖርሁት ስንዴ አለ፤ እሱ ይበቅላል። ነገ ጠዋት መጥታችሁ ውሰዱ።» ልትሄድ ተራመደችና ቆመች። «ጆንያውንም ፈትታችሁ እዩት።»

ሰኞ መጡ፣ ፈትተው አዩ፣ ወሰዱ። ሁሉም ዘራ፤ ወጣቱም ማሳውን እንደገና አረሰው። እኔ ከመሄዴ በፊት ልሰናበታት በመጋዘኑ በር ቆምሁ። ብዙ ነገር ልናገር አስቤ ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ሂድ፣ መኪናው ያመልጥሃል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አልተጣላንም፤ ብንጣላ ይሻል ነበር። በዓል ሲሆን እሄዳለሁ፤ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ «ብላ እንጂ» ትለኛለች፣ ደህና መሆኔን ትጠይቀኛለች፣ እንደ እንግዳ ትሸኘኛለች። «አንተ ልጅ» ማለቷን ትታ «መምህር» ትለኝ ጀመር። ዓይኔን አታይም። ደብረ ማርቆስ ስትመጣ ቤቴን አልፋ ዘመድ ቤት ታርፋለች። ገበያ ውስጥ ጆንያዎቿን ሁሉ አፋቸውን ከፍታ ማቆም ጀመረች፤ ገዢም እጁን እየከተተ ያያል። የሚሸጥ ነገር አልጠፋባትም። እኔ ግን እነዚያን የተከፈቱ ጆንያዎች ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር።

ወሬው ደብረ ማርቆስም ደረሰ። ባልደረቦቼ ኮርሴን «ስብከት» ማለታቸውን ተዉ። የጨርቅ ነጋዴው አዛውንትም ያን ቀልዳቸውን አቆሙ፤ ሳልፍ ብድግ ብለው በአክብሮት ሰላም ይሉኛል፣ እኔም ቀልዱ እንዲመለስልኝ እናፍቅ ነበር። ተማሪዬ ተመርቃ ስትሄድ አባቷ እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። እኔ ማስተማሬን ቀጠልሁ፣ ስሜም በመስኩ ታወቀ፤ አዲስ አበባ እየጠሩኝ ለድርጅት ሥራ አስኪያጆች ንግግር አደርጋለሁ። በየዓመቱ ከክፍሉ አንዱ ተነሥቶ «ዘመድ ቢሆንስ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ዓረፍተ ነገር ግን ሰሌዳ ላይ ዳግመኛ አልጻፍሁትም። «ከመመለሴ በፊት ትንሽ ልቀመጥ» እላለሁ፤ ተማሪዎቹ የምቀልድ ይመስላቸዋል።

ዓመታት አለፉ። ያች ሕፃን የነበረች የእህቴ ልጅ አደገች፤ በጥር ልትዳር ሆነ። የጥሪ ወረቀት በሰው እጅ ደረሰኝ፤ ከውጭ «ለመምህር» ይላል። ሄጄ ዳሱ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር፣ በር አካባቢ ተቀመጥሁ። አጎት ነኝና ከፊት መቀመጥ ነበረብኝ፤ ማንም ና አላለኝም፣ እኔም አልደፈርሁም።

የጋብቻው ውል ሊታሰር ሽማግሌዎቹ መሐል ተቀመጡ። ዋናው እኚያው ሽማግሌ ነበሩ፤ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ዘንጋቸው ግን ያው ነው። በእኛ አገር ጋብቻም ያለ ዋስ አይታሰርም። የሙሽራው ወገን ዋሱን ጠራ፤ ተነሣ፣ «ነኝ» አለ፣ ተቀመጠ።

«የሴት ልጅ ወገን ዋስ ጥሩ» አሉ።

አባት የለም፤ የምትጠራው እህቴ ናት። የእህል ተራ ሰዎች ከፊት ተደርድረዋል፤ ማናቸውንም ብትጠራ ደስ ብሎት ይነሣል። እኔም ማንን ልትጠራ እንደምትችል በልቤ ቆጥሬ፣ ስሙ ሲጠራ ፊቴ ላይ ምንም እንዳይታይ ተዘጋጀሁ።

እህቴ ከሴቶቹ በኩል እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች።

«ወንድሜን» አለች።

ዳሱ ውስጥ የነበረ የቁይ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እሷ ወደ ሙሽራው ዘመዶች ዞረች። «ደህና አድርጋችሁ እወቁት» አለቻቸው። «እኔን ያልማረ እናንተን አይምርም።»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ መሳቅ ፈርቶ አፉን ያዘ። ተነሣሁ። ከበሩ እስከ መሐል ያለው መንገድ በሰው እግርና በወንበር ተሞልቷል፤ እየተደናቀፍሁ ደረስሁ። ሽማግሌው ደካማ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝና ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ መጣ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉ። «እስቲ ዛሬስ? ዋስ ነህ ወይስ ምስክር?»

እህቴ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኗ እንባ አዝሏል፤ አፏ ግን ድሮ ጆንያ ላይ አስቀምጣ ስትቆጣኝ እንደነበረው ነው።

«ዋስ ነኝ» አልሁ።

«ጮክ በል» አለችኝ። «አልተሰማም፣ አንተ ልጅ።»